ጨጓራዋ ታክሞ ትንፋሿ የተረጋጋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰርቦ አጠገብ ነው። አንዲት የሆልስታይን ዲቃላ የወተት ላም አለችኝ። አንድ ሌሊት ከማሰሪያዋ ወጥታ ለገበያ ያስፈጨሁትን የበቆሎ ዱቄት ስትበላ አደረች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመረች። አታስልም፣ ከአፍንጫዋም የሚወርድ ነገር የለም፤ ጆሮዋ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ጎረቤቶቼ የሳንባ ምች ነው ስላሉኝ መርፌ አስወጋኋት። ሌሎች ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየር አጥሯት ነው አሉ። እኔም በርዷት መስሎኝ በረቱን ዘግቼ ከሰል አነደድኩላት። ማታ የመጣው ሐኪም ከሰሉን አስወጣ። ከጨጓራዋ ፈሳሽ ቀድቶ ወረቀት ነከረበት፣ በቱቦ መድኃኒት አስገባላት፣ በደም ሥሯም ፈሳሽ ሰጣት፤ ለሳንባዋ ግን ምንም አልሰጣትም። ትንፋሿን የሚያረጋጋ መርፌ ስጣት ብለው እንቢ አለኝ። መብላት ከጀመረች በኋላ እንኳ እስከ ማግሥቱ ትንፋሿ ፈጣን ነበር፤ ከዚያ ተረጋጋ። ጨጓራንና ትንፋሽን ምን አገናኛቸው? ሌላ ጊዜ ቢደርስብኝስ ሶዳ ከሱቅ ገዝቼ ራሴ ባጠጣት ይሆናል?»

ምላሽ፦ ሐኪሙ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። ላምዎ አየር አላጠራትም፤ ከገለጹት ምልክት እንደምረዳው ሳንባዋም አልታመመም። ትንፋሿ የፈጠነው ከጨጓራዋ ወደ ደሟ የገባውን አሲድ ለመቋቋም ሰውነቷ ስለተፋጠነ ነው። ስለዚህ ፈጣኑ ትንፋሽ በሽታው ሳይሆን ሰውነቷ ለበሽታው የሰጠው መልስ ነበር፤ መታከም የነበረበትም አሲዱ የሚመነጭበት ቦታ ነው።

በመጀመሪያ መስተካከል ያለበት እንስሳ የሚተነፍሰው ኦክስጅን ሲያንሰው ነው የሚለው እምነት ነው። ኦክስጅን ለሕይወት አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ጤነኛ ላም፣ በግ፣ ውሻ ወይም ሰው በእያንዳንዱ ደቂቃ ምን ያህል እንደሚተነፍስ በዋናነት የሚወስነው በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠንና ከእሱ ጋር የተሳሰረው የደም አሲዳማነት ነው። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ዘወትር በ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይጠበቃል፤ ከዚህ በጥቂቱ እንኳ ከፍ ሲል ትንፋሽ ወዲያውኑ ይጨምራል። የኦክስጅን ግፊት ግን ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች እስኪወርድ ድረስ ትንፋሽን ብዙም አይገፋም፤ በዚያ ልክ እንኳ አብዛኛው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ነገር) ኦክስጅኑን እንደተሸከመ ነው። ጅማና ሰርቦን ጨምሮ አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ማንኛውም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ብቻ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አምስት እጅ አራት እጁ ዝቅ ብሏል። ጤነኛ ላም በዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሽ አያጥራትም፤ በባሌ ተራሮች ከዚህ በእጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከብት ይሰማራል። ደግሞም ትናንት በዚያው ከፍታ ላይ በደኅና ስትተነፍስ የዋለች ላም ዛሬ የተለወጠባት ከፍታው ሊሆን አይችልም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘው በደም ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚሆን ነው። የሰውነት ሕዋሳት ምግብን አቃጥለው ጉልበት ሲያወጡ ይህን ጋዝ ያለማቋረጥ ያመነጫሉ፤ ጋዙ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለ ኢንዛይም አማካኝነት በቅጽበት ካርቦኒክ አሲድ ይሆንና አሲዳማነትን ወደሚፈጥረው ሃይድሮጅን አዮንና አሲድን ወደሚያለዝበው ባይካርቦኔት ይከፈላል። ሳንባ ሲደርስ ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለስና ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ሳንባ ኦክስጅን ማስገቢያ ብቻ ሳይሆን ከሰውነት ትልቁ የአሲድ ማስወገጃ ነው። በሰው የታወቀውን መጠን ለምሳሌ ብንወስድ፣ አንድ አዋቂ በቀን ወደ 15,000 ሚሊሞል የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሳንባው ሲያወጣ፣ ኩላሊቱ የሚያስወግደው ሌላው አሲድ ግን 70 ሚሊሞል ገደማ ብቻ ነው። የፍጥነታቸውም ልዩነት ሰፊ ነው፤ ሳንባ የደምን አሲዳማነት በደቂቃዎች ውስጥ ሲያስተካክል ኩላሊት ሰዓታትንና ቀናትን ይፈልጋል።

ሰውነት ይህን መጠን የሚያውቅባቸው ሁለት ዓይነት ጠቋሚዎች አሉት። አንደኞቹ በአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል፣ ሜዱላ በሚባለው ቦታ፣ ከፊት ለፊት ገጹ አጠገብ ይገኛሉ። እነዚህ የሚለኩት በአንጎል ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ አሲዳማነት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን ግርዶሽ በቀላሉ ስለሚያልፍ በደም ውስጥ ሲጨምር ወዲያው ያውቁታል፣ ለዚህ ጋዝ የሚሰጠው ምላሽ አብዛኛው ክፍልም የእነሱ ነው። ሁለተኞቹ በአንገት ላይ የካሮቲድ ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ያሉ ጥቃቅን አካላት ሲሆኑ፣ ኦክስጅንንም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም፣ የደሙን አሲዳማነትም ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ1905 ሆልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእረፍት ላይ ምን ያህል ሳይናወጥ እንደሚጠበቅና ትንሽ ጭማሪ ትንፋሽን ምን ያህል እንደሚያበረታ አሳዩ፤ የአንገቱን ጠቋሚዎች ሥራ ያስረዳው የቤልጅጉ ሃይማንስ ደግሞ በዚሁ የ1938ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይህን ልዩነት ያነሳሁት ለላምዎ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ ነው። ከጨጓራ ወደ ደም የገባ አሲድ እንደ ጋዙ የአንጎልን ግርዶሽ ቶሎ አያልፍም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያውቁት የአንገቱ ጠቋሚዎች ናቸው፣ ትንፋሹን አፋጥኑ የሚለው ትእዛዝም ከእነሱ ይነሳል።

አሁን ወደ ጨጓራዋ እንመለስ። የላም ትልቁ ጨጓራ ሣርና ገለባ ቀስ ብለው የሚብላሉበት፣ በሺህ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ረቂቅ ሕዋሳት የሚኖሩበት ቦታ ነው። በደኅናው ጊዜ የፈሳሹ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል) በአብዛኛው በ6 እና በ7 መካከል ነው፤ ላሟ ስታመሰኳ የምትውጠው ብዙ ምራቅ በባይካርቦኔት የበለጸገ ስለሆነ አሲዱን ያለዝበዋል። ድንገት ብዙ ዱቄት ሲገባ ስታርች (የእህል ዋና ንጥረ ነገር) የሚወዱ ባክቴሪያዎች ተራብተው ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። ዱቄት ደግሞ ከእህሉ ይብሳል፤ የደቀቀ ስታርች ለባክቴሪያ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ማመስኳትም ምራቅም አይጠይቅም። ፒኤቹ ከ5 በታች ሲወርድ ጨጓራው መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ጠቃሚዎቹ ረቂቅ ሕዋሳት ያልቃሉ፣ አሲዱን የሚወዱት ብቻ ይነግሣሉ። የተከማቸው አሲድ ከደም ውስጥ ውሃ እየሳበ ወደ ጨጓራ ያስገባል፤ ላሟ ሆዷ በፈሳሽ ተሞልቶ ደሟ ግን ውሃ ያጥረዋል። የጆሮዋ መቀዝቀዝ ከዚህ የመጣ ነው። ብርድ አልነበረም፤ ደሟ ጎድሎ ወደ ጫፍ አካላቷ የሚደርሰው ስላነሰ ነው። ሐኪሙ የነከረው ወረቀት ይህንን ፒኤች በቀለም የሚያሳይ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ላም የሚቀዳው ፈሳሽ እንደ ወትሮው አረንጓዴ ሳይሆን ነጣ ያለ ግራጫ ነው፣ የኮመጠጠ ሽታ አለው፣ በማጉያ መሣሪያ ሲታይም ይርመሰመሱ የነበሩት ባለ አንድ ሕዋስ እንስሳት አንድም አይንቀሳቀስም።

አሲዱ ወደ ደም ሲገባ መጀመሪያ የሚገጥመው ባይካርቦኔት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናሉ፤ አሲዱ ይለዝባል፣ ባይካርቦኔቱ ግን እያለቀ ይሄዳል። የደም ፒኤች የሚጸናው በባይካርቦኔትና በሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መካከል ያለው ንጽጽር በ20 ለ1 አካባቢ ሲጠበቅ ነው። ባይካርቦኔቱ በግማሽ ከቀነሰ ንጽጽሩን ለማዳን ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ወደ ሳንባ ከረጢቶች የሚደርሰው አየር እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ላምዎ ስታደርግ ያደረችው ይህንኑ ነው። በጥልቀት ብትተነፍስ ይሻላት ነበር፤ ነገር ግን የተሞላው ጨጓራ ድያፍራሟን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ፊት ስለሚገፋው መጥለቅ አልቻለችም፣ ስለዚህ ቁጥሩን አበዛች። በእረፍት ላይ ያለች ላም በደቂቃ ከ15 እስከ 35 ጊዜ ያህል ስትተነፍስ፣ በእንዲህ ዓይነት ሕመም ከ60 እስከ 90 ሊደርስ ይችላል። ይህን ቤትዎ ሆነው መቁጠር ይችላሉ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ከጎኗ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ያለውን ጎኗን እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል።

ይህ ማካካሻ ግን ወሰን አለው። ሳንባ ብቻውን ፒኤቹን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም፤ አሲዱ መግባቱን ካላቆመ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይደክማሉ። ከ7.4 ወደ 7.1 መውረድ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን ግን እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፣ ልብም አንጎልም በዚያ ልክ በቅጡ አይሠሩም። ማረጋጊያ መርፌ ሐኪሙ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ውሃውን ቀድቶ የሚያወጣውን ሰው እጅ መያዝ ዝናቡንም ጣሪያውንም አይለውጥም፤ ቤቱ በውሃ እንዲሞላ ብቻ ያደርጋል። ዛይላዚንን የመሳሰሉ ማረጋጊያዎች የመተንፈሻ ማዕከሉን ያደነዝዛሉ፣ ከብት ደግሞ ለዚህ መድኃኒት ከሌሎች እንስሳት ይበልጥ ስሱ ነው። ትንፋሿ ቢረጋጋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይከማቻል፣ ፒኤቹም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ገዳይ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ከዚህ የሚከተል አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ያልታከመች፣ ተኝታ የቀረች፣ ጆሮዋ የቀዘቀዘ ላም ትንፋሿ በራሱ ጊዜ ከቀነሰ ተሽሏት አይደለም፤ አቅሟ አልቆ ነው። መሻሏን የሚያመለክቱት ጆሮዋ ሲሞቅ፣ ስትቆም፣ ስታመሰኳና ጨጓራዋ እንደገና ሲንቀሳቀስ ነው።

መብላት ከጀመረች በኋላ እስከ ማግሥቱ ቶሎ ቶሎ መተንፈሷ የሚያስገርም ነገር የለውም፤ እንዲያውም ስለ ሁለቱ ጠቋሚዎች ያልኩትን ያረጋግጣል። በደም ሥር የተሰጠው ፈሳሽ የደሟን አሲድ በሰዓታት ውስጥ አስተካከለው፤ የአንገቱ ጠቋሚዎችም ዝም አሉ። በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ግን ባይካርቦኔት የሚለዋወጠው በዝግታ ነው፤ በሕመሙ ጊዜ የቀነሰው ባይካርቦኔት እስኪመለስ የሜዱላው ጠቋሚዎች አሁንም አሲድ አለ እያሉ ትንፋሹን ይገፉታል። ይህ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ መርፌ ለመጨመር መሯሯጥ አያስፈልግም።

የከሰሉን ጉዳይ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በረት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በመኖሪያ ቤትም ሰው ይገድላል። ከሰል በተዘጋ ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ይዞ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይጨምርም፣ በደም ፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ግፊትም አይቀንስም። የአንገቱ ጠቋሚዎች የሚለኩት ደም የተሸከመውን ጠቅላላ ኦክስጅን ሳይሆን ይህን ግፊት ስለሆነ፣ እንስሳውም ሰውም ትንፋሽ ሳያጥረው እየደከመ ይሄዳል። ጠቋሚዎቹ ሊያስጠነቅቁበት የማይችሉት አደጋ ይህ ነው። በጊቤ ሸለቆ ገንዲ (ደም የሚያሳንስ፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) የያዛቸው ከብቶች ደማቸው እጅግ ሳስቶ ሳለ በቆሙበት ትንፋሻቸው እምብዛም ሳይለወጥ፣ ጥቂት ሲነዱ ግን የሚያለከልኩት በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ በእረፍት ግፊቱ ደኅና ነው፣ ሲሄዱ ግን ጡንቻቸው ኦክስጅን አጥሮት ላክቲክ አሲድ ያመነጫል።

እያንዳንዱ ፈጣን ትንፋሽ የአሲድ ምልክት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሳንባ ምች የያዛት ላም ትኩሳት አላት፤ ጤነኛ ላም በፊንጢጣ ስትለካ ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ሲሆን፣ በምች ከ40 ያልፋል፣ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽም ይከተላል። ዱቄት በልታ የታመመች ላም ሙቀቷ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ የባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ቦታው ከመውጋት በፊት በቴርሞሜትር መለካት ይሻላል፤ መርፌው በዚያ ቀን ለላምዎ የፈየደው ነገር አልነበረም፣ ወተቱም መድኃኒቱ እስኪወጣ ለቤተሰብ እንዳይሆን አድርጎታል። ሆዷ በጋዝ ሲነፋ ደግሞ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ እዚህ ላይ ሳንባ ለመዘርጋት ቦታ ስለሚያጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በእውነት ይከማቻል፣ የሚጠበቀውም ሰዓት ሳይሆን ደቂቃ ነው። በሙቀት ያለከለከች ላም ወይም ዶሮ ላይ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሙቀት ለማውጣት ስትል ከሚያስፈልገው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታወጣለች፣ ደሟም ከአሲድ ይርቃል፤ በበጋ የሚጥሉ ዶሮዎች የእንቁላል ቅርፊት ከሚሳሳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የባይካርቦኔት መጓደል ነው። በነገራችን ላይ ሕጉ ለዓሣ አይሠራም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከዓሣ ደም ያለ ችግር ይወጣል፤ ኦክስጅን ግን በውሃ ውስጥ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የዓሣን አተነፋፈስ የሚመራው በዋናነት ኦክስጅን ነው። በኩሬ የሚያረቡት ቆሮሶ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ከከፈተ በእርግጥ ኦክስጅን አጥሮታል።

ወደ ሶዳው ስንመጣ መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጨጓራዋ መንቀሳቀስ ያቆመ ላም ማግሳት ስለማትችል ጋዙ ሆዷን ነፍቶ ድያፍራሟን ይጫናል፣ ሊረዳት የታሰበው ነገር ትንፋሿን ይዘጋዋል። የደከመች ላም አፏን ከፍተው በጠርሙስ ሲያጠጧት ፈሳሹ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው የሳንባ ምች ይመጣል። ከሱቅ ሶዳ ብለው ሲጠይቁም የሚሰጥዎት ቤኪንግ ፓውደር ሊሆን ይችላል፤ ይባስ ብሎ ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ጉሮሮዋን ያቃጥላል። ሐኪሞች በቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድን ወይም ማግኒዥየም ኦክሳይድን ነው፤ እሱም ቢሆን የጨጓራው ፒኤች ተለክቶ አሲድ መሆኑ ካልታወቀ ደሟን ወደ ሌላው ጽንፍ ሊወስደው ይችላል። በደም ሥር የሚሰጥ ባይካርቦኔትም ራሱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለወጥ፣ ጋዙን በትንፋሽ ማውጣት ለማትችል ላም ጉዳቱ ያመዝናል። መጠኑን እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው።

የምመክርዎት ይህን ነው። ሐኪም የሚጠራው ትንፋሿ ሲፈጥን ሳይሆን ዱቄቱ መበላቱ እንደታወቀ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከበላች ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ደኅና መስላ የምትቆይባቸው እነዚያ ሰዓታት ለሕክምና ዋነኞቹ ናቸው። ሐኪሙ እስኪደርስ የቀረውን ዱቄት ያርቁ፣ ጥሩ ድርቆሽ ይስጧት፣ መራመድ ከቻለች ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሷት፣ ውሃ እንደ ልቧ እንድትጎነጭ አይልቀቁላት። ምን ያህል ኪሎ እንደጎደለና በስንት ሰዓት እንደበላች፣ ሙቀቷንና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰች ጽፈው ያስረክቡ፤ የወረዳ ክሊኒኮች የደም ጋዝ መለኪያ በአብዛኛው ስለሌላቸው ሐኪሙ ቱቦ ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት እንደሆነ የሚወስነው ከእነዚህና ከልብ ምቷ ተነስቶ ነው። አሁን ለዳነችው ላምዎ ደግሞ የሚቀጥሉት ሳምንታት ሰኮናዋን ይከታተሉ። የጨጓራ አሲድ የሰኮናን ሥጋ ስለሚያስቆጣ ስትራመድ ካነከሰች፣ ጀርባዋን ቆልምማ ከቆመች ወይም ለረጅም ሰዓት መተኛት ካበዛች ያንኑ ሐኪም እንደገና ይጥሩት።